ከሳክሲ ያመጣነው እሳት

ከወንበርሽ ሥር የሚንኳኳው ፋኖስ ነው። አትደንግጪ፣ መኪናው ደህና ነው። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ይንሸራተትና የወንበሩን ብረት ይመታል። አንሺውና እይው እስቲ፤ ዝገቱ ልብስሽን እንዳይነካው ብቻ። ወደ አፍንጫሽ አስጠጊው። ሰምና የጥድ ጭስ ነው አይደል? ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ እማዬ በሳሙና ፈትጋው ፈትጋው፣ ሽታው አልለቀቀም። እኔ ደግሞ ይሄ ሽታ አፍንጫዬ ከገባ መረጋጋት አልችልም፤ እግሬ ይቁነጠነጣል፣ ነዳጁን ረገጥ ረገጥ ያሰኘኛል። ቀበቶሽን አስረሻል?

ክዳኑ ላይ ሦስት ጥምዝምዝ አለ፣ ከመሀል ተነስተው የተያያዙ። እማዬን ብትጠይቂያት አንድ ነገር ትልሻለች፣ የፋኖሱ ባለቤት የነበረችው ሴትዮ ግን ሌላ ነበር የምትለው። ቆይ ይሄን ትራክ ልለፈውና ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

እዚህ አገር በመጣን በሁለተኛው ዓመት ነው፣ እኔ ሃይስኩል ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ። ዩለስ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ አሁን እማዬ ያለችበት እዚያው አፓርትመንት ነበርን። አንቺ ከአገር ከመጣሽ ገና ወር አልሞላሽም፣ ግን አውሮፕላኑን ሰምተሽዋል፤ ጣሪያው ላይ ነው የሚሄደው፣ መደርደሪያ ላይ ያለው ሳህን ይንቀጠቀጣል። ያኔ እያንዳንዱ አውሮፕላን እኔን ትቶኝ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። የት መሄድ እንደምፈልግ አላውቅም፤ ብቻ መሄድ። ከሶፋው ተነስቼ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ፍሪጁ፤ ፍሪጁን ከፍቼ ምንም ሳላወጣ እዘጋለሁ። እማዬ ከኤርፖርት ሥራዋ ገብታ፣ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ "መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ? አዞርሽኝ እኮ፣ አንድ ቦታ እርጊ" ትለኝ ነበር። ይኸው እስካሁን አልረጋሁም፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳመላልስ ነው የምውለው።

ከእኛ በታች አንዲት አሮጊት ትኖር ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጸጉሯን እንደ ልጃገረድ ጎንጉና የምትለቅ። አያቶቿ ከአየርላንድ የመጡ ናቸው። በሯ ላይ ያልሰቀለችው ነገር አልነበረም። ከቄጠማ የተጎነጎነ አራት ክንድ ያለው መስቀል፣ እንጨት ላይ የተቀረጸ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ቋጠሮ፣ እና ይሄው ሦስት ጥምዝምዝ። እማዬ መጀመሪያ ስታየው "በስመ አብ" ብላ አማተበችና በዚያኛው በኩል ባለው ደረጃ መውጣት ጀመረች። "ጠንቋይ ናት። ይሄ ጠልሰም ነው" አለችኝ። ጠልሰም ደግሞ ከእኛ ደብተራዎች ሌላ የሚሠራው ያለ አይመስላትም ነበርና፣ ነጭ ሴት ከየት አመጣችው ብላ ስትብሰለሰል ከረመች።

ታዲያ አንድ እሁድ እማዬ የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስትወርድ፣ ሴትዮዋ ደረጃው ላይ አቆመቻት። ጎንበስ ብላ ጥልፉን በጣቷ ተከተለችው። ያ እናትሽ የላከችልን ቀሚስ ነው፣ ክሩ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እየተሻገረ እስከ እግር የሚወርደው። ጣቷ ሄደ ሄደና የተነሳበት ቦታ ተመልሶ ቆመ። ቀና አለችና የእማዬን እጅ ይዛ ወደ በሯ ወሰደቻት፤ የእንጨቱን ቋጠሮ አሳየቻት። አንድ ነው። ማለቴ ቁርጥ አንድ አይደለም፣ ግን የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። እማዬ ያን ቀን ቅዳሴ አረፈደች።

ከዚያ በኋላ ማን ይለያቸው? አንዷ የአንዷን ቋንቋ አታውቅም፣ እኔ ነኝ አስተርጓሚ። መቆም የማትችለዋን ልጅ በሁለት ሴቶች መሀል ተከሉኝ። ሴትዮዋ በዓሎቿን ማውራት ትወድ ነበር። የእነሱ ዓመት በኦክቶበር መጨረሻ፣ ጨለማው ሲገባ ነው የሚጀምረው፤ ያን ዕለት ለሞቱት ሰዎች ከገበታው ቦታ ተለይቶ ምግብ ይቀመጥላቸዋል አለችን። እማዬ "ተዝካር ነዋ" አለች። የቄጠማውን መስቀል የሚጎነጉኑት ደግሞ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ በጎቹ ሊወልዱ ጡታቸው ወተት ሲሞላ ነው፤ በር ላይ የሚሰቅሉት ቤቱ እንዳይቃጠል ነው። እማዬ ይሄን ስትሰማ ቁጭ ብላ ነበር፣ ተነሳች። "ቄጠማማ እኛ በቀዳም ስዑር ራሳችን ላይ እናስር የለ እንዴ?" አለች። ከዚያ "ሁሉንም ከእኛ ነው የወሰዱት" ብላ ደመደመች። እሱን አልተረጎምኩትም።

አንድ ቀን ሴትዮዋን የጥምዝምዙን ትርጉም ጠየቅኳት። ትከሻዋን ሰበቀች። "መሬት፣ ባሕርና ሰማይ ነው የሚሉ አሉ። መወለድ፣ መኖር፣ መሞት የሚሉም አሉ። ጥንት ድንጋይ ላይ የጠረቡት ሰዎች ግን ምንም ጽፈው አልተዉም፤ ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም" አለችኝ። እማዬ "ሥላሴ ነው በያት" አለች። አልኳት። ሴትዮዋ አሰብ አደረገችና "ሊሆን ይችላል" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ መስመሩ ወደ ውጪ ነው የሚሄደው ወይስ ወደ ውስጥ ብላ ጠየቀችኝ። "ወደ ውጪ ነዋ" አልኳት። "በአንቺ ዕድሜ እኔም እንደዚያ ነበር የሚታየኝ" አለች።

ከሁሉ የሚበልጥባት ግን የሜይ አንዱ እሳት ነበር። ቤልታን ነው የምትለው፣ የበጋ መግቢያ። ጥንት ከብቶቹን ወደ ግጦሽ የሚያወጧቸው በሁለት እሳት መሀል አሳልፈው ነው፣ በሽታ እንዳይነካቸው። የየቤቱ ምድጃ ይጠፋል፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ከዚያ ከሜዳው እሳት ጭሮ ይገባል። "እሳት መጫር" ሲባል የእማዬን ፊት ብታይው፤ ልጅ ሆና ከጎረቤት በገል እሳት ስትጭር ያደገች ሰው ናት፣ ይሄን እንኳን ማስተርጎም አላስፈለጋትም።

ሴትዮዋ ሳክሲ የምትባል ከተማ ጫፍ ላይ ባሏ ቤት ሊሠራበት የገዛው ባዶ ሜዳ ነበራት። ቤቱ ሳይሠራ ሰውየው ሞተ፤ ግን በሕይወት ሳለ በየዓመቱ እዚያ ያነዱ ነበር። እሱ ይለኩሳል፣ እሷ በዚህ ፋኖስ ይዛ ትገባለች። የቤታቸው ደንብ ነው፤ የለኮሰ ሰው ራሱ አይወስድም፣ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ከሞተ በኋላ የሚቀበላት ስላጣች ሳታነድ ቆይታ ነበር። ያን ዓመት ደግሞ ሜዳው ተሸጠ፣ ሰፈር ሊሠራበት። እሷም በወሩ መጨረሻ ኦሃዮ ያለችው ልጇ ዘንድ ልትገባ ነው፤ ልጇ ደግሞ የእናቷን እሳት የሰይጣን ነው ባይ ናት። ሶ ከዚያ በኋላ እሳትም የለ፣ ሜዳም የለ። ሴትዮዋ የቀራት ምኞት አንዴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ለሰው ሰጥታው መሄድ ነበር።

እማዬን ደረጃው ላይ ጠየቀቻት፣ እኔ በሌለሁበት። "ሜይ አንድ። እሳት። ትመጫለሽ?" እማዬ በዚያች ሰባራ እንግሊዝኛዋ ቃል ገባችላት። ቤት ስትገባ ፊቷ በርቶ፣ "ሴትዮዋ ለካ ግንቦት ልደታን ታከብራለች" አለችኝ።

የልደታ ንፍሮ ቤት ውስጥ እንደማይበላ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ውጪ ይቀቀላል፣ ውጪ ይበላል። እዚህ ግን ግቢ ውስጥ እሳት አንድደሽ ማናጀሯ ዝም ትልሻለች? ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እማዬ ኤክስቴንሽን ከኩሽና ጎትታ፣ በረንዳ ላይ በኤሌክትሪክ ድስት ቀቅላ፣ ብቻዋን ቆማ በላች። ከዚያ ገብታ አለቀሰች። አሁን ሜዳውም፣ እሳቱም፣ ጎረቤቷም ባንዴ ተሰጧት። ከአንዷ የሥራ ባልደረባዋ ጋር ሺፍት ተቀያየረች፣ ስንዴና ሽምብራ ገዛች።

እዚህ ሁላችንም ሜይን ግንቦት ነው የምንለው። አንቺም ትናንት ብለሻል፣ ሰምቼሻለሁ። ሜይ አንድ ሲባል ግንቦት አንድ፤ ማን ልብ ይላል? እኔም አላልኩም። ልደታ ግን በፈረንጆቹ ሜይ ዘጠኝ ነው የምትውለው።

ሜይ አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ሴትዮዋን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች፣ ጉንጉኗ ውስጥ ትንንሽ ነጭ አበባ ሰክታለች፣ ይሄ ፋኖስ ጉልበቷ አጠገብ ነው። የሳር ማጨጃ ድምፅ ነበር፣ የታጨደ ሳር ሽታም። "እናትሽ ዛሬ ታመሻለች?" አለችኝ። "አዎ፣ ዛሬ ሥራ ናት" አልኳት። "እሺ" አለች። እንደ ልማዴ ሁለት ሁለቱን ደረጃ እየዘለልኩ ወጣሁ። በመስኮት ሳይ ፀሐይ እስክትገባ እዚያው ነበረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሯን ዘጋች። እማዬ "ጉድ ሞርኒንግ" ስትላት አንገቷን ብቻ ትነቀንቃለች። እማዬ ተከፋች። "ምን አደረግኳት? አንቺ ነሽ አጉል የተረጎምሽብኝ፤ ከእኛ የወሰዳችሁት ነው ያልኩትን ነግረሻት ይሆናል" ብላ ለቀናት አኮረፈችኝ። እኔ ምኑን አውቄ።

ልደታ ደረሰች። እማዬ የሀበሻ ቀሚሷን ለበሰች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ የንፍሮውን ድስት ታቀፈችና፣ "ብታኮርፍም በልደታ ኩርፊያ የለም፤ ነይ ውረጂ" አለችኝ። አንኳኳን። ሴትዮዋ ከፈተች። ከኋላዋ ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል፤ ግድግዳው ባዶ ነው።

"ጎረቤቴ፣ እንሂድ። እሳት" አለቻት እማዬ።

ሴትዮዋ አየቻት፣ ድስቱን አየችው። "ቀኑ አለፈ። ጠብቄሽ ነበር" አለች ቀስ ብላ።

ስተረጉምላት እማዬ ተቆጣች። "የምን አለፈ? ልደታ ዛሬ አይደለም እንዴ? ሂጂና ካላንደሩን አምጪላት።" ሮጬ ወጥቼ ከፍሪጁ ላይ የቤተ ክርስቲያኑን ካላንደር ገንጥዬ አመጣሁ። በር ላይ ቆመን፣ በእማዬ ጣት ግንቦት አንድን፣ በእኔ ጣት ሜይ ዘጠኝን አሳየናት። ያኔ ነው ለሦስታችንም የገባን። እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። "አበባ ሰክታ ነበር አልሽኝ? እኔን ጠብቃ? ውይ እኔን አፈር ያስበላኝ።"

ሴትዮዋ ካላንደሩን ለረጅም ጊዜ ያዘችው። ከዚያ ስለ አያቷ ነገረችን። ድሮ በአገራቸው መንግሥት የቀን አቆጣጠሩን ሲለውጥ ሽማግሌዎቹ እምቢ ብለው፣ እሳታቸውን በአሮጌው ቀን፣ ቀናት ዘግይተው ያነዱ ነበር አሉ። አያቷ ስታወራ "የእሾኹ ዛፍ ሲያብብ ካላንደር አያይም" ትል ነበር። ይሄን ብላ ካርቶኖቹ መሀል ገብታ መፈለግ ጀመረች። ፋኖሱን ይዛ ወጣች። አንዱ ጎኑ ሲጠቀለል ተሰብሯል፤ መስታወቱ የለም። "እጄን እይዝበታለሁ" አለች እማዬ።

እኔ ነበርኩ የነዳሁት፣ በሴትዮዋ አሮጌ መኪና። ሳክሲ ስንደርስ ነፋሱ ሜዳውን እያስጎነበሰው ነበር፤ በምዕራብ በኩል ጥቁር ደመና ተነስቷል። መሬቱ ላይ ብርቱካናማ ጨርቅ የታሰረባቸው ችካሎች ተተክለዋል። እኔ ሰማዩን እያየሁ "ቶሎ በሉ፣ ሊዘንብ ነው" እላለሁ፣ ማንም አይሰማኝም። ሴትዮዋ ደረቅ ጥድ ከመረችና በአንድ ክብሪት ለኮሰችው። ከሱ ወስዳ ሌላ ትንሽ እሳት አጠገቡ አነደደች። ጭሱ መጀመሪያ ዓይናችንን አቃጠለን፣ ከዚያ ነፋሱ አነሳው። እማዬ ድስቱን ዳር ላይ ጣደች፤ ንፍሮው ከቤት የተቀቀለ ነው፣ ግን ውጪ እሳት ሊነካው ይገባል።

ከዚያ ሴትዮዋ በሁለቱ እሳት መሀል ልታልፍ እጇን ዘረጋችላት። እማዬ ወደ ኋላ አለች። ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ ጠበቀች፤ አልጎተተቻትም። እማዬ አማተበች፣ "እመቤቴ አንቺ ታውቂያለሽ" አለችና ያዘቻት። ቀስ ብለው አለፉ። ሙቀቱ የነጠላውን ጫፍ ሲያንቀጠቅጠው አየሁ። ከወዲያ በኩል ሲወጡ እማዬ ወደ እኔ ዞራ "ለቄሱ ትነግሪና ጉድሽ" አለችኝ። ቆመን ንፍሮ በላን፤ ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ አስጨመረች። እኔ እንኳን፣ የማላርፈዋ፣ ያን ሰዓት የትም መሄድ አላማረኝም ነበር። እውነቴን ነው።

ሲበቃን ሴትዮዋ ሻማውን ከእሳቱ ለኩሳ ፋኖሱ ውስጥ ተከለችውና በሁለት እጇ ለእማዬ ሰጠቻት። እማዬም በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ልክ ሕፃን እንደምትቀበይው። ከዚያ ዝናቡ ጀመረና እሳቱን አዳፍነን ሮጥን።

እማዬ ከኋላ ተቀመጠች፣ ፋኖሱ ጭኗ ላይ፣ መዳፏ በተሰበረው በኩል። ሴትዮዋ ከፊት። መስኮቱ ሁሉ ዝግ፣ ኤሲው ጠፍቷል። ሃይዌዩ ተጨናንቋል፣ ዝናቡ ቆሞ ሙቀት ብቻ ቀርቷል። እንደዚህ ሆነን ነው፣ እንደ አሁኑ፣ መኪና በመኪና ላይ። እኔ መሪውን በጣቴ እመታለሁ። ሴትዮዋ ትንፋሽ አጠራት፤ ደረቷን ያዘችና ሳታስበው መስኮቷን ከፈት አደረገችው። ትንሽ ነው፣ ጣት የሚያስገባ። ነፋሱ በጎኗ አልፎ ወደ ኋላ ገባ።

በመኪናው የኋላ ማሳያ መስታወት አየሁት። ጠፋ። ቀጭን ጭስ ወጣና እሱም ጠፋ።

"እማዬ፣ ጠፋ እኮ" አልኩ በአማርኛ።

"ዝም ብለሽ ንጂ" አለችኝ። ነጠላዋን አወለቀችና ፋኖሱን ሙሉውን ሸፈነችው። ሴትዮዋ በራሷ እጅ እንዳጠፋችው እንዳታውቅ ብላ ነው። ሴትዮዋ ወደ ፊት እያየች ነበር። ትንሽ ቆይታ መስኮቱን ዘጋችው። እስከ ዩለስ ማንም ምንም አልተናገረም።

ስንደርስ እማዬ ሽንት ቤት አለችና ፋኖሱን እንደታቀፈች ቀድማ እየሮጠች ወጣች፣ ያ ሁሉ የእግር ሕመሟ የት እንደገባ። ስትመለስ ፋኖሱ ይበራል። ሴትዮዋ ከሱ ሻማዋን ለኮሰች፣ በካርቶኖቹ መሀል መስኮቷ ላይ አቆመችውና አለቀሰች። እማዬም አብራት አለቀሰች። እማዬ ለምን እንደምታለቅስ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በማግስቱ "የልደታ ዕለት ሰው አታለልኩ" እያለች ስትብከነከን ዋለች።

ሴትዮዋ በወሩ መጨረሻ ሄደች። ፋኖሱን ለእማዬ ተወችላት። ከዚያ በየዓመቱ ልደታ ሲሆን እማዬ በረንዳ ላይ ትለኩሰዋለች፣ እኔ ኦሃዮ ደውዬ ስፒከር ላይ አደርገዋለሁ። "ለኮስሽ?" "ለኮስኩ።" ከዚያ በላይ ብዙም አያወሩም፤ ዝም ተባብለው ይቆያሉ። እኔ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እየተቀያየርኩ "ሌላስ? ልዝጋው?" እላለሁ።

አንድ ዓመት ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። "ለእናትሽ ንገሪያት" አለችኝ። "መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የሻማው ብርሃን ከፊቴ መስታወቱ ላይ ይታየኝ ነበር፣ ሲጠፋ አየሁት። በነጠላዋ ስትሸፍነውም አየሁ።"

ተረጎምኩላት። እማዬ የበረንዳውን ብረት ያዘች። "ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ዝም አለች በያት።"

አልኳት። "እሷስ ለምን ዝም አለች?" አለች ሴትዮዋ።

አውሮፕላን መጣ፤ እስኪያልፍ ሦስታችንም ጠበቅን። ሲያልፍ እማዬ ስትስቅ ሰማኋት፣ ከወዲያም ሳቅ ይሰማል፣ ሳል የቀላቀለ። መቼም እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

በቀጣዩ ዓመት ስልኩን ያነሳችው ልጅዋ ናት። እናቷ በክረምቱ አርፋለች። ያቺ እሳቱን የማትወደው ልጅ፣ "እንደምትደውሉ ነግራኝ ነበር። ሜይ አንድ አይደለም፣ በሌላኛው ቀን ነው ብላኛለች" አለችኝ። እማዬ ምን እንዳለች አልጠየቀችኝም። ክብሪት ጫረች፣ ሻማውን ለኮሰች፣ ነጠላዋን አውልቃ ፋኖሱን ከበበችው። ያን ቀን ቅጠል እንኳን አይነቃነቅም ነበር።

ሶ፣ ዛሬ ልደታ ናት፤ ለዚህ ነው የቸኮልኩት። የፋኖሱ ክዳን ማጠፊያው ወልቆ ትናንት ላስበይደው ወስጄው ነበር፤ በዚያው መስታወትም ላስገባለት ብላት፣ "እሱን እንዳትነኪው" አለችኝ። ይኸው ደረስን፣ ያቺ በረንዳው ላይ የቆመችው እሷ ናት፣ ድስቷን ይዛ። አንዴ ልፓርክ። ፋኖሱን አንቺ ያዢልኝ፤ የተሰበረውን ጎን በእጅሽ ሸፍኚው።